ጠያቂው ብዙ፣ ሰጪው አንድ



የስልክ ባትሪ 3.7 ቮልት ገደማ ይሰጣል። በስልኩ ውስጥ ያሉት ክፍሎች ግን ሁሉም ይህን አይችሉም። አንዳንዶቹ 1.8 ቮልት፣ ሌሎቹ ከዚያ ያነሰ ይፈልጋሉ። ከመጠን ካለፈባቸው ይቃጠላሉ፤ ካነሰባቸው ሥራቸውን ይሳሳታሉ። ቮልቴጁን የሚመጥነው መሣሪያ ሬጉሌተር ይባላል።

አንድ ሬጉሌተር ለብዙ ክፍሎች ሲያገለግል የማንን ጥያቄ ይቀበላል? ይህን የሚወስነው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ማለትም ከርነል ነው። የአንድሮይድ ስልኮች ከርነል ሊኑክስ ሲሆን፣ ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2008 ተጨምሮበታል። ሦስት ደንቦች አሉት።

አንደኛ፣ ጠያቂው «ከዚህ እስከዚህ» ይላል። አንዱ ከ1.7 እስከ 1.9፣ ሌላው ከ1.8 እስከ 3.3 ቮልት ቢጠይቁ፣ ሁለቱን የሚያስማማው ከ1.8 እስከ 1.9 ነው። የሚያስማማ ከሌለ አዲሱ ጥያቄ ውድቅ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ሠሪው አስቀድሞ ያስቀመጠው ወሰን አይታለፍም። ጥያቄው የሚጻፈው በማይክሮቮልት ስለሆነ 1.8 ቮልት 1800000 ተብሎ ይጻፋል። ፕሮግራም ጸሐፊው ተሳስቶ አንድ ዜሮ ቢጨምር 18 ቮልት ይሆናል፤ ወሰኑ ግን ያግደዋል።

ሦስተኛ፣ ተጠቃሚዎቹ ይቆጠራሉ። አንዱ «ጨርሻለሁ» ስላለ ኃይሉ አይቋረጥም፤ የሚጠፋው የመጨረሻው ሲጨርስ ነው። በዚህም ባትሪ ይቆጠባል፤ ገና በሥራ ላይ ያለውም ክፍል አይጎዳም።

መልመጃ፦ አንዱ ከ1.1 እስከ 1.3፣ ሌላው ከ1.2 እስከ 1.5 ቮልት ቢጠይቁ የሚያስማማቸው ስንት ነው? ሦስተኛው መጥቶ ከ1.4 እስከ 1.6 ቢልስ? መልሱን ከወላጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ ፈልጉ።