ንጉሥን የሚያህል ማኅተም

በቀድሞ ዘመን የንጉሥ ትእዛዝ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ሩቅ አገር በደረሰ ጊዜ፣ የንጉሡን ፊት አይቶ የማያውቅ ሹም ቃሉ እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጠው በማኅተሙ ነበረ። ማኅተሙን ያየ ንጉሡን እንዳየ ይቈጥረዋል። ዳሩ ግን የታመነ ነገር ሁሉ አስመሳይ አያጣምና፣ በእስልምና አገሮች የማኅተም ታሪክ የእምነትን ያህል የጥርጣሬም ታሪክ ነው።

ነቢዩ መሐመድ ለሮም ንጉሠ ነገሥት ሊጽፉ ባሰቡ ጊዜ፣ ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ አያነቡም ተብሎ ስለ ተነገራቸው የብር ቀለበት አሠርተው፣ «መሐመድ የአላህ መልእክተኛ» የሚለውን ቃል በሦስት መስመር አስቀረጹበት። ከአነስ ቢን ማሊክ የተላለፈው ቃል የነቢዩ ቀለበት ፈርጥ «የሐበሻ» እንደ ነበረ ይናገራል። ከሊቃውንቱ አንዳንዶቹ ከሐበሻ አገር የመጣ ድንጋይ ነው ሲሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ መልኩን ለመግለጽ የተነገረ ነው ይላሉ። የትኛውም ቢሆን፣ ለእኛ የአገራችን ስም በዚያ ቀለበት ታሪክ ውስጥ መነሣቱ ደስ የሚያሰኝ ነው።

ቀለበቱ ከአቡበክር ወደ ዑመር፣ ከዑመር ወደ ዑስማን ተላለፈ። ዑስማን አንድ ቀን በአሪስ የውኃ ጕድጓድ አፍ ተቀምጠው ቀለበቱን በእጃቸው ሲያገላብጡ አምልጧቸው ወደቀ። ጕድጓዱ እስኪደርቅ ውኃው ተቀድቶ ሦስት ቀን ቢፈለግ አልተገኘም፤ በምትኩ ሌላ ተቀረጸ።

የባሰው ግን ኋላ መጣ። በ656 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ አቤቱታ አሰምተው ወደ ግብጽ የሚመለሱ ሰዎች በመንገድ ላይ አንድ መልእክተኛ ይዘው ቢፈትሹት፣ እነርሱው እንዲቀጡ የሚያዝዝ የዑስማን ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እንዳገኙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ዑስማን አልጻፍሁም፣ አላዘዝሁም ብለው ማሉ። መሐላቸው ግን ማኅተሙን አላሸነፈውም። ቤታቸው ተከብቦ ተገደሉ፤ ደብዳቤውን ማን እንደ ጻፈው እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ከዚህ በኋላ ከ661 እስከ 680 የገዙት ሙዓውያ ለዐምር ቢን አል ዙበይር 100,000 ዲርሃም እንዲከፈለው ለኢራቅ ገዢ ለዚያድ ጻፉለት። ሰውየው በመንገድ ደብዳቤውን ከፍቶ 100 የሚለውን 200 አደረገና ገንዘቡን ተቀበለ። ዚያድ ሒሳቡን ባቀረበ ጊዜ ተንኰሉ ታወቀ። በዚህ ምክንያት ሙዓውያ የማኅተም መሥሪያ ቤት አቋቋሙ፤ ደብዳቤውም ሁሉ ታስሮና ታትሞ እንዲወጣ ሆነ ይባላል። አንድ አታላይ ለመንግሥት አዲስ መሥሪያ ቤት አተረፈለት ማለት ነው።

ዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ፣ ህንድን በገዙት በሙጋል ነገሥታት ዘንድ ይህ ጥበብ ከፍ ካለ ደረጃ ደረሰ። የአክበር ባለሟል አቡል ፈዝል እንደ ጻፈው፣ መውላና መቅሱድ የተባለው ቀራጭ የንጉሡንና እስከ ቲሙር ድረስ ያሉትን የአባቶቹን ስም በአንድ ክብ ብረት ላይ ቀርጿል። ፊደሉ በወረቀት ላይ ቀንቶ እንዲነበብ በብረቱ ላይ ተገልብጦ መቀረጽ አለበት፤ ያንን ሁሉ ስም በጠባብ ቦታ ገልብጦ መጻፍ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አንባቢ ይገምተው።

«ኡዙክ» የሚባለው ትንሹ ክብ ማኅተም ለከበሩ ትእዛዞች ነበረ። ሻህ ጀሃን በ1628 ሲነግሡ ይህን ማኅተም ለባለቤታቸው ለሙምታዝ ማሐል አደራ ሰጡ፤ እርሳቸውም ኋላ ለአባታቸው ለአሳፍ ኻን እንዲተላለፍ አደረጉ። ታጅ ማሐል የተሠራላቸው እኒሁ ንግሥት ናቸው።

የአባቶች ስም ያለበት ትልቁ ማኅተም ደግሞ አስቀድሞ ወደ ውጭ ነገሥታት ለሚላክ ደብዳቤ ብቻ ነበረ። የሻህ ጀሃን አባት ጀሃንጊር፣ በእንግሊዙ መልእክተኛ በቶማስ ሮ በኩል ለንጉሥ ጄምስ ሲጽፉ አንድ ችግር ገጠማቸው። ማኅተሙን ከታች ቢያደርጉት ራሳቸውን ዝቅ ማድረግ ይሆናል፤ ከላይ ቢያደርጉት እንግሊዙን መናቅ ይሆናል። የመልእክተኛው ቄስ ኤድዋርድ ቴሪ እንደሚተርከው፣ ጀሃንጊር ደብዳቤውን ሳያትሙ ማኅተሙን ለብቻው ላኩ፤ ጄምስ ደስ ባለው ቦታ ራሱ ያድርገው ብለው።