የመስከረም ዕቅድ፣ የጥር ገንዘብ፦ ስለ ዓላማና ጽናት የምናምናቸው ተረቶች

በጎጃም፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በርበሬ የሚያመርት ቤተሰብ እንደ ሌላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ ዕንቁጣጣሽ ሲመጣ ያቅዳል። ዘንድሮ ቤቱን ቆርቆሮ እናለብሳለን፣ ልጅቷን ከተማ ቤት ተከራይተን እናስተምራለን፣ የከርሞውን ማዳበሪያ ሳንበደር እንገዛለን ይላል። በርበሬው ግን በመስከረም ገና ከማሳ አልተነሣም። ቀልቶ፣ ተለቅሞና ደርቆ ገበያ እስኪወጣ ወራት ይቀሩታል። ገንዘቡ እጅ ሲገባ ደግሞ ጥር ይደርስና ሰርጉ፣ ማኅበሩ፣ የዘመድ ጥሪው ይከታተላል። የማዳበሪያ መክፈያው ሲመጣ ዕቅዱ አለ፣ ብሩ የለም። ያን ጊዜ አባወራው «እኔ ወኔ የለኝም» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ወቀሳው አይገባውም። የመጣው ስለ ዓላማና ስለ ጽናት ተደጋግመው ስለተነገሩ ብቻ እውነት ከመሰሉን ነገሮች ነው።

ተረት፦ ዕቅድ የሚጸናው በአዲስ ዓመት ሲጀመር ነው።

ግማሹ እውነት ነው። አዲስ ዓመት፣ የልደት ቀን፣ የሳምንት መጀመሪያ ሰውን ያነሣሣሉ፤ ሄንግቸን ዳይና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ይህን አሳይተዋል። መነሣት ግን መዝለቅ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጆን ኖርክሮስ ከባልደረባው ጋር ለአዲስ ዓመት ቃል የገቡ 200 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከሳምንት በኋላ በቃላቸው የነበሩት 77 ከመቶ ሲሆኑ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የቀሩት 19 ከመቶ ናቸው።

ለገበሬ ዋናው ጥያቄ ዕቅዱ ገንዘብ ከሚገባበት ቀን ጋር መግጠሙ ነው። ኤስተር ዱፍሎ፣ ማይክል ክሬመርና ጆናታን ሮቢንሰን በምዕራብ ኬንያ ያገኙት ውጤት ለጎጃም ሰው የተጻፈ ይመስላል። ገበሬዎቹ ለሚቀጥለው ወቅት ማዳበሪያ እንገዛለን ይላሉ፤ ወቅቱ ሲደርስ የሚገዙት ጥቂቶች ናቸው። ተመራማሪዎቹ ልክ ምርት በተሰበሰበ ሰሞን ቤት ድረስ ሄደው «አሁን ክፈሉ፣ ማዳበሪያውን ያለ ማጓጓዣ ክፍያ እናደርስላችኋለን» አሉ። የተጠቃሚው ቁጥር ጨመረ። ለውጡም ማዳበሪያውን በመጠቀሚያው ጊዜ በግማሽ ዋጋ ከመሸጥ ጋር የሚቀራረብ ሆነ። ነጻ ማድረሱ ብቻውን፣ ዘግይቶ ሲመጣ፣ ይህን አላደረገም። ገበሬው ያው ገበሬ ነው፤ የተለወጠው ቀኑ ነው።

ተረት፦ ልማድ በ21 ቀን ይያዛል።

ይህን በየቴሌግራሙና በየማነቃቂያ ሥልጠናው እንሰማለን። ምንጩ ማክስዌል ማልትዝ የተባለ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። እሱ ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው ነበር የጻፈው። «ቢያንስ» የምትለዋ ስትወድቅ ሕግ ሆኖ ቀረ። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ለንደን ውስጥ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው በስሌት የገመቱት መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ነው፤ እንደ ሰውየውና እንደ ልማዱ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንዳላፈረሰውም አይተዋል። በ22ኛው ቀን ስላልቀለለው ብቻ የሚተው ሰው ይህን ቢያውቅ ምን ያህል በተጽናና!

ልማድ የሚጸናው ቀኑ አስቀድሞ ሲወሰን መሆኑን ጾመኛ ቤት ያለ ጥናት ያውቀዋል። ረቡዕ ጠዋት ተነሥቶ «ዛሬ ልጹም ወይስ ልተው?» ብሎ የሚማከር የለም። ቀኑ የታወቀ ነው፣ ሽሮው አለ፣ ጎረቤቱም አብሮ ይጾማል። ፒተር ጎልዊትዘርና ፓስካል ሺራን እ.ኤ.አ. በ2006 የ94 ጥናቶችን ውጤት አጠቃለው ያሳዩት ከዚህ አይርቅም፤ «መቼ፣ የት፣ እንዴት» ብሎ አስቀድሞ የወሰነ ሰው «አደርጋለሁ» ብቻ ካለው ይልቅ ግቡ ላይ የመድረስ ዕድሉ ይሰፋል። ግብን ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍስ? እ.ኤ.አ. በ1953 በየል ዩኒቨርሲቲ ግባቸውን የጻፉ 3 ከመቶ ተመራቂዎች ከቀሩት ሁሉ በልጠው ሀብታም ሆኑ የሚባለው ጥናት ጨርሶ አልተካሄደም። መጻፉ አይጎዳም፤ ቀንና ቦታ የሌለው ጽሑፍ ግን የግድግዳ ጌጥ ነው።

ተረት፦ የአርባ ቀን ዕድሌ ነው።

ከሁሉ የከፋው ይህ ይመስለኛል፤ ሰው ገና ሳያቅድ እንዲቀመጥ ያደርጋልና። ለዚህ መልሱ ከሀገራችን ገጠር ተገኝቷል። ታንጊ በርናርድ፣ ስቴፋን ደርኮን፣ ኬት ኦርኪንና ዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰ በኦሮሚያ ዶባ ወረዳ ለገጠር ነዋሪዎች አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞችን አሳዩ። ባለታሪኮቹ እንደ ተመልካቾቹ ያሉ፣ ከመንግሥትም ከድርጅትም እርዳታ ሳይጠብቁ በእርሻና በንግድ ኑሯቸውን ያሻሻሉ ሰዎች ነበሩ። ለሌሎች ተራ የመዝናኛ ፕሮግራም ታየ። ለማንም ገንዘብ አልተሰጠም። ከስድስት ወር በኋላ ዘጋቢ ፊልሞቹን ያዩት ከሌሎቹ የበለጠ ተመኙ፣ የበለጠ ቆጠቡ፣ በልጆቻቸው ትምህርት ላይም የበለጠ አዋሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎቹ ሲመለሱ ለውጡ አልጠፋም ነበር። ዕድል ነው ተብሎ የተተወው ነገር፣ እንደ ራስ ያለ ሰው ሲያደርገው በማየት ብቻ የሚሞከር ሆነ።

ብቻውን የሚታገል ጠንካራ ነው የሚለውም አብሮ መታረም አለበት። ዕቁብ የዘለቀው አባላቱ ሁሉ ብርቱ ስለሆኑ አይደለም። ቀኑ አይቀየርም፣ ዳኛው ይጠይቃል፣ የቀረ ይታወቃል። ፓስካሊን ዱፓስና ጆናታን ሮቢንሰን በኬንያ ዕቁብ መሰል ማኅበራት ለጤና ብቻ የሚሆን የተለየ መዋጮ እንዲጀምሩ ሲያደርጉ፣ አባላቱ ለጤናቸው የሚያውሉት ገንዘብ በግልጽ ጨምሯል።

እንግዲህ በርበሬ የምትሸጡ ወገኖቼ፣ የዘንድሮውን ዕቅድ በሸጣችሁበት ዕለት አውጡት። የማዳበሪያውንና የልጅቷን ቤት ኪራይ ከገበያ ወደ ቤት ሳትመለሱ ለዩ፤ ሦስት አራት ጎረቤት ሆናችሁ ብታደርጉት ደግሞ ይበልጥ ይጸናል። የቀበሌ የግብርና ባለሙያዎችና የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ገበሬውን ስለ ማዳበሪያ የምታነጋግሩት ኪሱ ባዶ ከመሆኑ በፊት፣ በጥር ይሁን።