ኪስ የማያረጥብ ታንክ

ሰኞ ጠዋት ሱቁን ስከፍት መጀመሪያ የሚገባው ሰው ብዙ ጊዜ ኪሱ የረጠበ ሰው ነው። ቅዳሜ የገዛውን ታንክ በሶፍት ጠቅልሎ ያመጣዋል። ጣቶቹ ይጣበቃሉ፣ ሱሪው ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ቅባት መሳይ ነጠብጣብ አለ። «ይሄ ነገር ያፈሳል» ብሎ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጥልኛል። ታንኩን ከማንሳቴ በፊት ዓይኔ ወደ ጃኬቱ የደረት ኪስ ይሄዳል። ሲጋራ ገዝቶ ከሆነ የፓኮው ቅርጽ ያስታውቃል።

ሰሜን ለንደን ውስጥ በአንድ የቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ሱቅ የጥገና ጥግ ላይ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። የእኔ ድርሻ ሰው በገዛ እጁ ሽቦ ጠምዝዞ፣ ጥጥ አስገብቶ የሚያድሳቸው ታንኮች ናቸው፤ በሱቁ ቋንቋ አር-ቲ-ኤ እንላቸዋለን። አብዛኛው ደንበኛ ከፋብሪካ ተጠምዝዞ የመጣ ሽቦ፣ ኮይል የምንለውን፣ ገዝቶ ሲቃጠል ይጥለዋል። ወደ እኔ ጥግ የሚመጣው መጣሉ የሰለቸው ወይም ጣዕሙ ቶሎ የሚሞትበት ሰው ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «የቱ ይሻላል?»

ድሮ ስለ ጣዕምና ስለ እንፋሎት ብዛት አወራ ነበር። አሁን የማወዳድርበት መለኪያ ሌላ ነው። ይህ ሰው ሲጋራ አቁሟል ወይም ሊያቆም እየታገለ ነው፤ ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ታንኩ ቢያፈስበት ወይም ጉሮሮውን ቢያቃጥለው የእኔ ሱቅ ዝግ ነው፣ ሲጋራ የሚሸጠው ነዳጅ ማደያ ግን ክፍት ነው። ስለዚህ ታንክ በእጄ ሲገባ የምጠይቀው፣ ይሄ ዕቃ ይህን ሰው ወደ ማደያው ይልከዋል ወይስ ቤቱ ያስቀምጠዋል ብዬ ነው። የብሪታንያ የጤና አገልግሎት ቬፕ ከሲጋራ ያነሰ እንደሚጎዳ፣ ነገር ግን ጉዳት የለሽ እንዳልሆነ፣ አጭሶ ለማያውቅ ሰውና ለልጆች እንደማይሆን ይናገራል። እኔም አምንበታለሁ። ሲጋራ አጭሶ የማያውቅ ወጣት ሲመጣ ምንም ሳልሸጥለት ብሸኘው እመርጣለሁ።

ኩራዝ ባለበት ቤት ያደገ ሰው ታንክን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። የኩራዙ ክር በቆርቆሮው አንገት ውስጥ በጣም ከወፈረ ጋዙ መውጣት ያቅተውና ክሩ ራሱ ይነዳል። ከሳሳ ደግሞ ይንሸራተታል፣ ጋዙም በአንገቱ ዙሪያ ያልባል። ታንክም እንዲሁ ነው። ፈሳሹ በመስታወቱ ውስጥ ነው፤ መሐል ላይ እንደ ደወል የተደፋ ብረት አለ፤ ከሥሩ ኮይሉ በብሎን ታስሮ ይቀመጣል። ጥጡ በኮይሉ ውስጥ አልፎ ሁለት ጭራዎቹን ወደ ፈሳሹ ቦይ ያወርዳል። ባትሪው ሽቦውን ያግለዋል፣ ጥጡ የጠጣው ፈሳሽ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፣ በቀዳዳው የገባው አየር ይዞት ይወጣል።

ታዲያ ፈሳሹ ከታች ባለው የአየር ቀዳዳ ለምን አይፈስም? መስታወቱ ከላይ ስለተደፈነ ነው። ጠጪ ቀሰሙን ብርጭቆ ውስጥ ነክሮ አናቱን በጣቱ ሲደፍነው ውስጡ ያለው እንደማይፈስ ሁሉ፣ እዚህም የውጭው አየር ፈሳሹን ደግፎ ይይዘዋል። ፈሳሽ በጥጡ በኩል ሲወጣ በምትኩ ትንሽ የአየር አረፋ ትገባለች። እኔ ታንክ ስመረምር መጀመሪያ የምፈልገው ይህችን አረፋ ነው። ሰውዬው ሳብ አድርጎ ሲተው መስታወቱ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት አረፋ ከወጣ ጥጡ ልክ ነው። አረፋ ከሌለ ጥጡ ታፍኗል፤ ማቃጠሉ አይቀርም። አረፋው እንደሚፈላ ውኃ ከተንጣጣ ደግሞ ጥጡ ሳስቷል፤ ኪስ መርጠቡ አይቀርም።

ከጀርመን የሚመጡትን ካይፉንና ታይፉንን ለረጅም ዘመን አጫሽ አስቀድማለሁ። አየራቸው ከታች በጠባብ መንገድ ይገባል፣ ኮይላቸው አንድ ነው፣ አሳሳባቸው የሲጋራን ይመስላል፦ መጀመሪያ አፍ ውስጥ፣ ከዚያ ወደ ሳንባ። ካይፉን 5 የጎኑ ስፋት 22 ሚሊሜትር ነው፤ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። በእነዚህ ታንኮች የምወደው የፈሳሹን መንገድ መዝጋት መቻሉን ነው። ክዳን ሲከፈት ያ የተደፈነው አየር ይለቀቃል፣ ፈሳሹም ወደ ታች ይወርዳል። መንገዱን ዘግቶ የሚሞላ ሰው ግን አይደነግጥም። መዝጊያ የሌለው ታንክ ያለው ሰው ክዳኑን ከመክፈቱ በፊት ቢያንስ የአየሩን ቀለበት ይዝጋ፤ ይህን ሳልነግረው ከሱቅ የወጣ ደንበኛ የለኝም።

ችግራቸው ቦዩ ጠባብ መሆኑ ነው። ሰባ ከመቶው ግሊሰሪን የሆነ ወፍራም ፈሳሽ ሲገባባቸው ቶሎ ቶሎ ለሚስብ ሰው አይደርሱለትም። ግሊሰሪኑ ግማሽ ብቻ የሆነው ቀጭኑ ይስማማቸዋል። ደግሞም የጎማ ቀለበቶቻቸው ትንንሽ ናቸው፤ ዓይኑ ለደከመ ሰው እጥበቱ ፈተና ነው። ከቻይና የሚመጣው የቫንዲ ቬፕ በርሰርከር ተመሳሳይ አሳሳብ ይሰጣል፤ አየሩን ቀለበቱን እያዞሩ ማጥበብና ማስፋት ይቻላል። ዋጋውም ስለሚቀል ለጀማሪ እጅ ብዙ ጊዜ እሱን እመርጣለሁ።

ጊክቬፕ የሚሠራው ዜውስ ሌላ ዓይነት ነው። ዜውስ ኤክስ 25 ሚሊሜትር ሆኖ አየሩን የሚያስገባው ከላይ ነው። ከታች ቀዳዳ ስለሌለው ኪስ ውስጥ ቆሞ ሲሄድ አያፈስም፤ በዚህ የወጣለት ስም የሚገባው ነው። ሆኖም ጥጡ ከሳሳ ፈሳሹ ደወሉ ውስጥ ይጠራቀምና አልጋ ላይ በጎኑ የተኛ ቀን ከላይ ይወጣል። ዋናው ልዩነት ግን አሳሳቡ ነው። አየሩ ሰፊ ነው፣ በቀጥታ ወደ ሳንባ ይወርዳል፣ ሁለት ኮይልም ይይዛል። በመጀመሪያው ዓመቴ እንዲህ ያለ ሰፊ ታንክ ለአንድ አጫሽ ሰጥቼ በእጁ የነበረውን 18 ሚሊግራም ኒኮቲን ያለበት ፈሳሽ ሞላሁለት። ሦስት ጊዜ ስቦ ፊቱ ነጣ፣ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ማቅለሽለሽ ያዘው። ለእንዲህ ያለ ታንክ 3 ወይም ቢበዛ 6 ሚሊግራም ነበር የሚገባው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ምን ሲጋራ እንዴት ታጨስ ነበር ሳልል ዕቃ አላወጣም።

ሕጉም በማወዳደሩ ውስጥ ይገባል። ከ2016 እ.ኤ.አ. ደንብ ጀምሮ እዚህ አገር የሚሸጥ ታንክ ከ2 ሚሊሊትር በላይ አይይዝም፤ ኒኮቲን ያለበት ፈሳሽም ከ10 ሚሊሊትር ጠርሙስና ከ20 ሚሊግራም በሚሊሊትር አያልፍም። ጠባቡ ታንክ በ13 ዋት 2 ሚሊሊትሩን ለረጅም ሰዓት ያብቃቃዋል። ሰፊው በ50 ዋት ቶሎ ይጨርሰዋል፣ ቀኑን ሙሉ ሲሞላ ይውላል። በተሞላ ቁጥር ክዳን ይከፈታል፤ ክዳን በተከፈተ ቁጥር የማፍሰስ ዕድል አለ።

ጁን 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ተጠቅመው የሚጥሉት ቬፕ መሸጥ ሲከለከል አንድ አባት ወደ ጥጌ መጡ። የሌሊት ጥበቃ ናቸው። አዲስ አበባ ሳሉ ኒያላ፣ እዚህ ደግሞ የሚጠቀለል ትንባሆ ያጨሱ የነበሩና በሚጣለው ቬፕ ከሲጋራ የተላቀቁ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ያንን ከለከሉት አሉ። ወደ ሲጋራዬ ልመለስ?» አሉኝ። መጀመሪያ የፋብሪካ ኮይል ያለውን ሰጠኋቸው። በሁለተኛው ሳምንት ተመለሱ፤ ጣዕሙ እንደተቃጠለ ወተት ሆነ አሉ። መርካቶ ልብስ ሰፊ እንደነበሩ ሲያጫውቱኝ እጃቸውን አየሁና «ጋሼ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው።

0.32 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የካንታል ሽቦ ወሰድን። በ2.5 ሚሊሜትር ዘንግ ላይ ስድስት ጊዜ ጠመዘዙት፤ ጥምዙ ከእኔ ይልቅ የተስተካከለ ነበር። ሁለቱን እግሮች ከብሎኖቹ ሥር አስገብተን በካቻቪቴ አጠበቅን። መለኪያው 1.1 ኦም አነበበ። ባትሪ ሞልቶ 4.2 ቮልት ሲሆን የሚያልፍበት አምፔር 4 አይሞላም፤ ለባትሪው ቀላል ሸክም ነው። ይህን ሳልለካ ኮይል ላይ እሳት አላበራም፤ ልባሱ የተቀደደ ባትሪም ከእጄ አይወጣም። ለአፍታ ስናግለው ከመሐል ወደ ዳር እኩል ቀላ።

ከዚያ ጥጡ መጣ። እናቴ ጥጥ በደጋን ስታባዝት አጠገቧ ቁጭ ብዬ ባዘቶውን በጣቴ መሳብ የተማርኩት በሕፃንነቴ ነው። ጭረቱ በየት በኩል እንደሚሄድ ጣት ያውቀዋል። ጋሼም የጥጡን ጫፍ እንደ ክር በምራቅ ሊያሾሉት ወደ ከንፈራቸው ሲወስዱት ያዝኳቸው፤ ደረቁን እንጠምዝዘው ተባባልን። ጥጡ ሲያልፍ ኮይሉ ትንሽ ይነቃነቅ፣ ግን አይታጠፍ፤ ልኩ እሱ ነው።

ጭራዎቹን ሲያስቀምጡ ቦዩ ውስጥ ጠቀጠቋቸው። አልከለከልኳቸውም፤ ጉሮሯቸው ቢያውቀው ይሻላል ብዬ ነው። በሁለተኛው ስበት ሳል ያዛቸው፣ አረፋም አልታየም። ጥጡን አውጥተን ስናየው መሐሉ ቡናማ ሆኗል። በሁለተኛው ሙከራ በጣም አሳሱት፤ ሶፍቱ ረጠበ። በሦስተኛው ጭራውን ኮይሉ ከታሰረበት ወለል ጠርዝ ልክ ቆረጡት፣ በመርፌ አበጥረው አሳሱት፣ በወረንጦ አንስተው የቦዩ አፍ ላይ እንደ ክዳን አሳረፉት። ፈሳሹን ጠብ ጠብ አድርገን ጥጡን አርሰን ሞላንና አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ሲስቡ አንዲት አረፋ ወጣች።

ከመሄዳቸው በፊት የማደርገውን ሁሉ አደረግሁ። ታንኩን በነጭ ሶፍት ጠቅልዬ መብራቱ ሥር በጎኑ አስተኛሁት፤ ግማሽ ሰዓት። የሱቁን ታንኮች ሁሉ የማወዳድረው በዚህች ሶፍት ነው። የምፈትነውም ግማሽ ድረስ ብቻ ሞልቼ ነው፤ ሙሉ ታንክ ውስጥ አየር ስለሌለ ብዙ አያስቸግርም። ግማሽ ሲሆን ግን በላዩ ያለው አየር ከብርዱ መንገድ ወደ ሞቃት ኪስ ሲገባ ያብጥና ፈሳሹን ይገፋዋል። አውሮፕላን ላይ የሚያፈሰውም በዚሁ ነው፤ የካቢኑ ግፊት ሲቀንስ አየሩ ቦታ ይፈልጋል። የጋሼ ሶፍት ደረቅ ነበር።

ለጥምቀት አገር ቤት ሊሄዱ ሲሰናበቱኝ ስለ አውሮፕላኑ አልነበረም ያወራነው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይህን ዕቃ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባትም መሸጥም የተከለከለ ነው። ስነግራቸው ዝም አሉ። «ታዲያ በምን ልቆይ? ወንድሞቼ ሁሉ አጫሾች ናቸው።» ፋርማሲ ሄደው ስለ ኒኮቲን ማስቲካና ቆዳ ላይ ስለሚለጠፈው እንዲጠይቁ ነገርኳቸው። ታንኩን ባንኮኒው ላይ ፈታትተው በሙቅ ውኃ አጠቡት፣ ጥጡን ጣሉት፣ «አንቺ ዘንድ ይቆይ» አሉኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ከትርፍ የጎማ ቀለበቶቹ ጋር አስቀመጥኩት። ስድስት ሳምንት ሙሉ መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር አየው ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት መጡ። ዓይኔ እንደ ልማዱ ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ፤ ጠርዙ የተቆለመመ ፓኮ ነበረበት። መነጽራቸውን ሊያወጡ ሲሞክሩ አብሮ ወጣና ባንኮኒው ላይ ወደቀ፤ ግማሹ ያለቀ የኒኮቲን ማስቲካ። ታንኩን ከመሳቢያ አወጣሁ። የላይኛው ጎማ ደርቆ ስለነበር ቀየርኩላቸው፣ ጥጥ ዘርግቼ መቀሱን አነሳሁ።

«ተይው ልጄ» አሉ መነጽራቸውን እያደረጉ፤ «እኔ እቆርጠዋለሁ።»