ሕዋስ የገዛ ዲኤንኤውን ለምን ይቆርጣል?

ሐዋሳ ከሱቅ የምንገዛው የዳቦ እርሾና ጠጅ ሲጣል በብዛት የሚገኘው እርሾ የአንድ ዝርያ ናቸው። የሳይንስ ስሙ ሳካሮማይሰስ ሰርቪዚዬ ይባላል። ይህ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ስኳር እስካገኘ ድረስ እያቆጠቆጠ ይባዛል፤ ልጁም የእናቱ ግልባጭ ነው። ምግብ ሲያልቅበት፣ በተለይ ናይትሮጂን ሲጠፋ፣ መንገዱን ይቀይራል። ሜዮሲስ በሚባል ክፍፍል አራት ጠንካራ ስፖሮች ሠርቶ ክፉውን ቀን ያሳልፋል።

የሚገርመው ነገር እዚህ ጋ ነው። ሕዋሱ ዲኤንኤውን ካባዛ በኋላ፣ ከመከፈሉ በፊት፣ ራሱ መልሶ ይሰብረዋል። ያውም ሁለቱንም ክሮች፣ በግምት 150 ያህል ቦታ ላይ! በሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ አንድ ስብራት እንኳ ካልተጠገነ ሕዋስን ሊገድል ይችላል። ቆራጩ ስፖ11 የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ይህ ሥራው የታወቀው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው።

ታዲያ ለምን? መልሱ ያለው ጥገናው ላይ ነው። እርሾው 16 ጥንድ ክሮሞዞሞች አሉት፤ ከየጥንዱ አንዱ ከአንድ ወላጅ፣ ሌላው ከሌላው የመጣ ነው። ከስብራቱ በኋላ ጫፎቹ ይላጡና ነጠላ ክር ይሆናሉ። ራድ51 እና ዲኤምሲ1 የተባሉ ፕሮቲኖች ክሩን ይዘው የሚመሳሰለውን ቅደም ተከተል ፍለጋ ይሄዳሉ። ሲያገኙት ብዙውን ጊዜ በጥንዱ ላይ ነው፤ የጎደለውም ከዚያ ተቀድቶ ይሞላል። ከስብራቶቹ 90 ያህሉ ሲጠገኑ ሁለቱ ክሮሞዞሞች ክንዳቸውን ይለዋወጣሉ። ክሮስኦቨር የሚባለው ይህ ነው።

ልውውጡ የሁለቱን ወላጆች ዘረመል ያደባልቃል። ግን ሌላም ሥራ አለው፤ ጥንዶቹን አንድ ላይ ያስራል። የምህንድስና ሰው ቶሎ የሚገባው ይሄኛው ነው። በገመድ ጉተታ ከወዲያ የሚጎትት ከሌለ ገመዱ አይወጠርም። ሕዋሱም ክሮሞዞሞቹ በትክክል መያዛቸውን የሚያውቀው በውጥረቱ ነው። ጥንዶቹ ካልተሳሰሩ ውጥረት የለም፤ እያንዳንዱ ወደመራው ይሄዳል።

እንግዲህ እናስላው። ያልታሰረ ጥንድ በትክክል የመለያየት ዕድሉ እንደ ሳንቲም ውርወራ ግማሽ ነው ብንል፣ 16ቱም በአንዴ የመሳካት ዕድላቸው ከ65,536 አንድ ብቻ ይሆናል። በእርግጥም ስፖ11 የሌለው እርሾ የሚሠራቸው ስፖሮች አብዛኞቹ ይሞታሉ።

ጉዳዩ የእርሾ ብቻ አይደለም። የስፖ11 አቻ በእኛም ውስጥ አለ። በሴቶች ይህ መሰበርና መጠገን የሚካሄደው ገና በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ ነው፤ የታሰሩት ጥንዶች እስከሚፈቱ ዓመታት ይጠብቃሉ። በ21ኛው ክሮሞዞም ላይ ልውውጡ ሲቀር ወይም ያለቦታው ሲሆን፣ ልጁ ሦስት ቅጂ ይዞ ሊወለድ ይችላል። ወደ ዳውን ሲንድረም ከሚያደርሱት መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። ይህን መንገድ በዝርዝር ለማየት ያስቻለን ደግሞ ዳቦ የሚያስነሳልን እርሾ ነው።