ስለ ነቀዝና ነቀዝ ስለሚጸየፋቸው ዕፀዋት

በቀድሞው ዘመን በንፋስ ስልክና በላፍቶ ዙሪያ እርሻ የነበረው ሜዳ ዛሬ በአብዛኛው ቤትና መንገድ ሆኖአል፤ ጎተራውም ከእርሻው ጋር አብሮ ቀርቶአል። እህል የማይገባበት ቤት ግን የለም። በጀሞ ወይም በላፍቶ በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ የምትኖር የቤት እመቤት ለቀለብ የሚሆናትን ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ በኩንታል ገዝታ በደረጃ ካስወጣች በኋላ፣ ጆንያውን የምታኖርበት ስፍራ ከማድ ቤቱ ጥግ ወይም ከልጆች አልጋ አጠገብ በቀር ሌላ የላትም። ጤፉስ ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ነቀዝ ሊያድርበት አይችልም። ስንዴው፣ በቆሎውና ሽምብራው ግን ጥቂት ወራት አልፎ ጆንያው ሲፈታ፣ ፍሬው ተበስቶና ውስጡ ባዶ ሆኖ፣ ዱቄቱም ሲበን ይገኛል።

በዚህን ጊዜ ጎረቤት የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ከገበያ የነቀዝ ክኒን አስመጥቶ በጆንያው ውስጥ መጣል ነው። ይህንን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያስገደደንም ይኸው ምክር ነው። ክኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባል ሲሆን፣ የአየርን እርጥበት ባገኘ ጊዜ ፎስፊን የሚባለውን መርዛም ጋዝ ያወጣል። የተሠራውም በሚገባ ተዘግቶ ሰው በማያድርበት መጋዘን፣ ሥራውን በተማሩ ሰዎች እጅ እንዲውል ነው። ጋዙ ከጆንያው ወጥቶ፣ በበር ሥር ሾልኮ፣ ወደሚቀጥለው ክፍል ይገባል፤ ነቀዙን የሚገድለው ጋዝ በዚያው የተኛውንም ሕፃን ይገድላል። ምንም እንኳ የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ የሚመስል ሽታ ሊኖረው ቢችል፣ ሽታው ሳይታወቅ ጉዳት ያደርሳልና በአፍንጫ መታመን አይገባም። የተመረዘውንም ሰው ሐኪሞች ሕመሙን እየተከታተሉ ይረዱታል እንጂ፣ ለዚህ መርዝ የተለየ ማርከሻ የለውም። ስለዚህ ክኒኑ ወደ መኖሪያ ቤት ፈጽሞ ሊገባ አይገባውም። ገብቶ የተገኘ እንደ ሆነ ግን በርና መስኮቱን ከፍቶ ሰዎቹን ሁሉ ፈጥኖ ወደ ውጭ ማውጣት፣ ራሱን የሚያዞረው ወይም የሚያስመልሰው ቢኖር ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው።

ነቀዝን መግደልና ነቀዝን ከእህል ማራቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የአገራችን እናቶች ሁለተኛውን ከጥንት ጀምረው ያውቁታል። በቆሎውን ወይም ባቄላውን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ ማኖር የታወቀ ልማድ ነው፤ ደቃቁ ጤፍ በትልልቁ ፍሬ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ስለሚሞላው ነቀዙ የሚመላለስበት መንገድ ያጣል፤ ኋላም በወንፊት መለየት ቀላል ነው። ሽምብራን በጥቂት የምግብ ዘይት አሽቶ ማኖርም እንዲሁ ይጠቅማል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ጥበብ ግን እህሉን ለተባዩ አፍ መራራ ማድረግ ነው። ተባዩ ቀርቦ ይቀምሳል፤ ይጸየፋል፤ ትቶ ይሄዳል፤ ያልሄደም እንደ ሆነ በጥጋብ ማዕድ መካከል ተርቦ ይቀራል።

የዚህ ጥበብ ዋና ዛፍ ኒም ነው። ኒም ከህንድ አገር በኩል የመጣ የቆላ ዛፍ ሲሆን፣ በድሬ ዳዋ በየመንገዱ ዳር ጥላ ሲሰጥ ያላየው መንገደኛ ጥቂት ነው። የአዲስ አበባ ደጋ ግን አይስማማውም። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በአገራችን ላይ ወርዶ ያደረሰውን ጥፋት አንባቢዎቻችን አይረሱትም፤ የኒምም ዝና የመጣው ከዚሁ ከአንበጣ ጋር ተያይዞ ነው። ሐይንሪኽ ሽሙተረር የተባለ ጀርመናዊ የነፍሳት ሊቅ በ1959 በሱዳን አገር ሳለ (የውጭ አገሩን ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን)፣ የአንበጣ መንጋ ቅጠል የተባለውን ሁሉ ጨርሶ ሲያልፍ የኒም ዛፎች ብቻ እንደ ለመለሙ ቆመው አየ። በ1962ም በደልሂ አቅራቢያ የህንድ ሊቃውንት የኒምን ፍሬ ወቅጠው በብዙ ውሃ በጥብጠው በአዝመራ ላይ ረጩት፤ አንበጣው በአዝመራው ላይ አረፈ፤ ነገር ግን አልበላም። ይህንን የሰማ የህንድ ገበሬ ምን ያህል እንደ ሳቀ እናስባለን፤ በዚያ አገር ያሉ እናቶች የኒምን ቅጠል በእህልና በልብስ መካከል ሲያኖሩ የኖሩት ከስንት ትውልድ በፊት ነበርና።

በ1968 በእንግሊዝ አገር በኪል ዩኒቨርሲቲ በተርወርዝና ሞርጋን የተባሉ ሁለት የኬሚስትሪ ሊቃውንት ከኒም ፍሬ ውስጥ ያንን መራራ ነገር ለይተው አወጡት፤ ስሙንም አዛዲራክቲን አሉት። ለይተው ሲያወጡትም መመዘኛ ያደረጉት አንበጣውን ራሱን ነበር፤ የትኛውን ክፍል እንደሚበላና የትኛውን እንደሚተው እያዩ ወደ መራራው ደረሱ። ንጥረ ነገሩ 35 ካርቦን፣ 44 ሃይድሮጅንና 16 ኦክሲጅን ያሉበት እጅግ የተወሳሰበ አካል ስለ ሆነ፣ ቅርጹ በትክክል እስኪታወቅ ድረስ ሊቃውንቱ እስከ 1985 ገደማ ሲከራከሩ ቈዩ። ስቲቨን ሌይ የተባለ የካምብሪጅ መምህርም ከተማሪዎቹ ጋር ይህንኑ በላቦራቶሪ ለመሥራት 22 ዓመት ደክሞ በ2007 ፈጸመው። ዛፉ ያለ ድካም በየዓመቱ የሚያፈራውን ማለት ነው።

የአዛዲራክቲን ሥራ ሁለት ዐይነት ነው። መጀመሪያ በነፍሳቱ አፍ ላይ ያሉትን የመቅመሻ ሕዋሳት ነክቶ «አትብላ» ያሰኛቸዋል፤ ሳይታዘዝ የበላውንም እንደ ሆነ ትሉ ቆዳውን እየለወጠ እንዲያድግ የሚያደርገውን ሆርሞን ያውክበታል፤ ትሉም ማደግ ተስኖት ይሞታል። ይህንን ያህል ኀይል ቢኖረውም አንድ ደካማ ጎን አለው፤ ፀሐይ ያፈርሰዋል። በቅጠል ላይ የተረጨው መራራ በጥቂት ቀን ውስጥ ኀይሉን ያጣል። ሊቃውንቱም ዕፁ የሰጠውን ንጥረ ነገር ጥቂት ለመለወጥ የተነሡት ስለዚህ ነው። በአካሉ ላይ ካሉት ማሰሪያዎች አንዱን ድርብ ማሰሪያ በሃይድሮጅን ሞልተው ነጠላ ሲያደርጉት፣ ተባዩን የማስጠላት ኀይሉ ሳይቀንስ ከፊተኛው ይልቅ ጽኑ የሆነ ዳይሃይድሮ አዛዲራክቲን የሚባለውን አገኙ። ሌሎቹን ክፍሎች በነኩ ጊዜ ግን ኀይሉ የጠፋባቸው ብዙ ጊዜ ነው። ፊደል የምንጽፍ ሰዎች ይህ ነገር እንግዳ ሊሆንብን አይገባም፤ በአንዲት ፊደል ላይ እግሯ ሲረዝም ወይም ቀለበት ሲጨመርላት ድምፅዋ እንደሚለወጥ እናውቃለንና።

እንዲህ ያለው የንጥረ ነገር መለወጥ በአውሮፓ ላቦራቶሪ ብቻ የሚደረግ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ወደ ገዛ አገራችን ልብስ አጣቢዎች ይመልከት። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ነገሩን መረመረ፤ እነዚህም ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉ ናቸው። ለዚህም ሥራ ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበለ። ኋላ በተደረገው ምርመራ የተገኘው ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያስደንቃል። በደረቀው የእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን ሁለት የስኳር ሰንሰለት ተሸክሞ የሚኖር ስለ ሆነ ቀንድ አውጣውን ብዙም አይጎዳውም። ፍሬው ተወቅጦ በውሃ ሲርስ ግን በራሱ ውስጥ ያለ ኤንዛይም ከስኳሩ አንዱን ወገን ይቈርጠዋል፤ ኀይለኛው የሚወለደው በዚያን ጊዜ ነው። እንዶዱን ወቅጠው በውሃ የሚዘፈዝፉት እናቶቻችን፣ ስሙን ሳይሰሙ፣ ኬሚስትሪውን ይሠሩት ነበር።

ዕፀዋትን መለወጥ ሁልጊዜ የሚመሰገን ነው ለማለት ግን አንደፍርም። ፒሬትረም የሚባለው አበባ ዝንብና ትንኝ ይጥላል፤ እርሱም እንደ ኒም ፀሐይ ያፈርሰዋል። ማይክል ኤሊየት የተባለ እንግሊዛዊ የዚህን አበባ ንጥረ ነገር አምስሎ በ1973 ፐርሜትሪን የሚባለውን አስታወቀ፤ ይህም ፀሐይን የሚቋቋም ነው። ዛሬ በየቤታችን የሚዘረጋው የወባ አጎበር የሚነከረው በዚሁ ዐይነት መድኃኒት ነው፤ ስንት ሕፃናት እንደ ዳኑበትም የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ጽናቱ ለጉዳትም ሆነ፤ ንብንና ዓሣን ይገድላል፤ ትንኞችም በየአገሩ እየለመዱት ሄደዋል።

ከዕፅ የተገኘ ሁሉ የዋህ ነው የሚለውም አሳብ ስሕተት ነው። ብርብራ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ዛፍ ሲሆን፣ የፍሬው ዱቄት በወንዝ ሲበተን ዓሣውን ያሰክራል፤ ተባይ የመግደል ኀይሉም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመርምሮአል። በውስጡ ያለው ሮተኖን ግን ሰውንም የሚጎዳ ስለ ሆነ፣ ሊበላ በታሰበ እህል ውስጥ እንዲገባ አንመክርም። ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ስለ ሜሊያ ነው። ሜሊያ የኒም ዘመድ ሆኖ ደጋውን ስለሚችል በከተማ ግቢ ይተከላል፤ አንዳንድ ሰዎችም ኒም ብለው ይጠሩታል። ፍሬው ልጆችን የሚመርዝ ነው። መለያውም እንዲህ ነው፤ የኒም ቅጠል በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ የተደረደረ ሲሆን፣ የሜሊያ ዘንግ እንደ ገና ወደ ትንንሽ ዘንጎች ይከፈላል። የኒም አበባ ነጭ ነው፤ የሜሊያ ወደ ሐምራዊ ያደላል። የሜሊያ ፍሬ ክብና ቢጫ ሆኖ ቅጠሉ ከረገፈም በኋላ በዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይቈያል።

የኒምን ፍሬ ከድሬ ዳዋ ወይም ከሌላ ቆላ በዘመድ እጅ ያስመጣች እመቤት፣ ሻጋታ የነካውን ለቅማ ትጣል፤ ሻጋታው ራሱ መርዝ አለውና። የቀረውን በጥላ አድርቃ፣ ለበርበሬና ለቅመም በማይሆን ሙቀጫ ወቅጣ፣ ለአንድ ኩንታል እህል ከ1 እስከ 2 ኪሎ ያህል ዱቄት ትቀላቅል። ይህም የሚደረገው እህሉ ገና ንጹሕ ሳለ ነው። የነቀዝ እናት ፍሬውን በስታ በውስጡ ዕንቁላል ትጥላለች፤ ቀዳዳውንም መልሳ ትደፍነዋለች፤ ትሉ አንድ ጊዜ በፍሬው ውስጥ ካደረ በኋላ በውጭ ያለው መራራ ዱቄት አይደርስበትም። መራራነቱ ከእህሉ ጋር ሊቈይ ስለሚችልም ዱቄቱ የሚስማማው ይልቁን ለዘር ለሚቀመጥ እህል፣ ደግሞም ታጥቦ ለሚቀቀል ሽምብራና ባቄላ ነው ብለን እናምናለን። ለእንጀራና ለዳቦ ለሚሆነው አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ይሻላል፤ ነቀዙ በውስጡ አየር አጥሮት ያልቃል። የኒምን ዘይት ግን ለሕፃን መድኃኒት ነው ብሎ በአፍ መስጠት ፈጽሞ አይገባም፤ በውጭ አገር ዘይቱን የጠጡ ሕፃናት በጽኑ ታመዋል፤ የሞቱም አሉ። እርጉዝ ሴትም አትጠጣው።

በዚሁ በክፍለ ከተማችን በመካኒሳ በኩል በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያለሙ ሰዎች አሉ። ፒያሳ አጠገብ የነበረውም አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ተዛውሮ፣ ኋላም ወደ ላፍቶ መጥቶአል። ስለዚህ የጎመን ነገር የሠፈራችን ጉዳይ ነው። ጎመንን የሚያበሳሳው ትንሹ አረንጓዴ ትል መድኃኒትን በመልመድ የታወቀ ነው፤ በ1953 በጃቫ ደሴት ዲ.ዲ.ቲ.ን እንደ ተቋቋመ ከተመዘገበ ወዲህ ብዙ ዐይነት መርዝ ለምዶአል። ገበሬውም መርዙ አልሠራ ሲለው መጠኑን ይጨምራል፤ የጨመረውም ወደ ማዕዳችን ይመጣል። ለዚህ ትል ግማሽ ኪሎ የተወቀጠ የኒም ፍሬ በ10 ሊትር ውሃ አሳድሮ፣ በጨርቅ አጥልሎ፣ ፀሐይ ከወረደች በኋላ መርጨት ይጠቅማል። ትሉ በማግስቱ ሞቶ አይገኝም፤ ብዙ ቀን በቅጠሉ ላይ ይታያል፤ መብላቱን ግን ትቶአል። ዛሬ ረጭቶ ነገ ትል ያየ አትክልተኛ ተስፋ ቈርጦ ወደ መርዙ ጠርሙስ የሚመለሰው ይህንን ስለማይነግሩት ነው። የተረፈውንም ውሃ ዓሣን ስለሚጎዳ ወደ ወንዙ አያፍስሰው። የተበጠበጠው ከዋለ ካደረ ኀይሉ ይደክማልና የሚበጠበጠው በየጊዜው ለአንድ ምሽት የሚበቃ ብቻ ነው፤ ያልተወቀጠው ፍሬ ግን አየር በሚገባበት ከረጢት፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ፣ ለሚቀጥለው ሥራ ይቀመጣል።