ስማቸውን ስንጠየቅ ተያየን



ከመርካቶ ተነስቶ በዊንጌት በኩል ወደ ቡራዩና ወደ አምቦ የሚዘልቀው መንገድ ሠፈራችንን አስኮን ሰንጥቆ ያልፋል። በዚህ መንገድ ጀናዛ ይዞ ወደ ኮልፌ የሙስሊሞች መቃብር መሄድ ለአስኮ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ጀናዛ ላይ የገጠመን ነገር ግን እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም።

የሞቱት በልጅነታችን አሊፍ፣ ባ ያስቆጠሩን ሸኽ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ከቀለም ትምህርት ቤት ስንመለስ ደብተራችንን ጥለን በፊታቸው ጉልበታችንን አጥፈን እንቀመጥ ነበር። ፋቲሓን ያቀኑልን፣ ውዱእ አድራረግን ያሳዩን፣ ስናጠፋ የተቆጡን፣ ስንታመም ቤታችን ድረስ መጥተው የጠየቁን እርሳቸው ናቸው። አፈሩ ተመልሶ፣ ዱዓው ተደርጎ ሰው ሊበተን ሲል አንድ መዝጋቢ ቀረብ አለና «የሟች ሙሉ ስም ማን ነው? የአባታቸውስ?» ብሎ ጠየቀ። በቦታው ሠላሳ የምንሆን ተማሪዎቻቸው ነበርን። እርስ በርስ ተያየን። ለእኛ «ሸኻችን» ነበሩ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ጠይቀን አናውቅም። መልሱን የሰጠው የጎረቤት ባለሱቅ ሆነ። እርሱም ያወቀው ከዱቤ መዝገቡ ነበር።

ባለሱቁን ለብቻው ወስደን ዕዳቸውን ጠየቅነው። አብዛኛው የደብተርና የእስክሪብቶ ሒሳብ ነበር። ወላጆቻቸው መግዛት ለማይችሉ ልጆች በየዓመቱ የሚያድሉት ደብተር ከየት ይመጣ እንደነበር ያን ዕለት አወቅን። እንግዲህ እኛ ተማሪዎቻቸው ስለ እርሳቸው የማናውቀውን የሱቅ መዝገብ ያውቀው ነበር ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ምን የሚያሳፍር ነገር አለ?

ለሟች የሚደርሰው ምንድን ነው?

ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፤ ሦስት ነገሮች ግን እንደማይቋረጡ ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። እነርሱም የማትቋረጥ ሶደቃ፣ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዕውቀት፣ ዱዓ የሚያደርግለት ደግ ልጅ ናቸው። ኢማሙ ሙስሊም በዘገቡት በዚህ ሐዲስ ውስጥ ያማረ የመቃብር ድንጋይ አልተጠቀሰም። እንዲያውም ቀብርን በኖራ መለሰንና በላዩ ላይ መገንባት የተከለከለ መሆኑን ከጃቢር (ረ.ዐ.) የተላለፈው ሐዲስ ይነግረናል። ሰይዲና ዑስማን (ረ.ዐ.) የሩማን የውሃ ጉድጓድ ገዝተው ለሙስሊሞች ሲሰጡ የፈለጉት ስማቸው እንዲጠራ ሳይሆን የተጠማ እንዲጠጣ ነበር። ስማቸው ግን ይኸው ከውሃው ጋር እስከ እኛ ደረሰ።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለ። ሟቹ የድርሻውን ሠርቶ ካለፈ፣ የሕያዋን ድርሻ የት ላይ ነው? ብዙዎቻችን መታወስን የሟች ጉዳይ አድርገን እናየዋለን፤ «መልካም ሠርቶ ከሆነ ይታወሳል» እንላለን። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሱና የሚያሳየን ግን ማስታወስ በሕያዋን ላይ ያለ ሐቅ መሆኑን ነው።

የሐበሻው ንጉሥና መስጊድ ጠራጊዋ

ለስደተኞቹ ሰሃባዎች መጠጊያ የሰጡት የአገራችን ንጉሥ ነጃሺ አስሐማ በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም በ630 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ሲያርፉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዚያው ዕለት ሞታቸውን ለሰሃባዎቻቸው ነገሩ። ከዚያም ሰሃባዎችን አሰልፈው በሌሉበት ሰላተል ጀናዛ ሰገዱባቸው። በመዲናና በሐበሻ መካከል ባሕርና በረሃ ነበር፤ ውለታው ግን አልተረሳም።

ይህ ንጉሥ ስለነበሩ ነው የሚል ካለ ሁለተኛውን ታሪክ ይስማ። በመዲና የነቢዩን መስጊድ የምትጠርግ አንዲት ጥቁር ሴት ነበረች። በሌሊት ሞተች፤ ሰሃባዎችም ነገሩን አቅልለው በማየት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሳይነግሩ ቀበሯት። እርሳቸው ግን አጧት፤ ጠየቁም። መሞቷን ሲሰሙ ለምን እንዳልነገሯቸው ጠይቀው፣ ቀብሯን እንዲያሳዩዋቸው አደረጉና በቀብሯ ላይ ሰገዱባት። እንግዲህ በነጃሺና በጠራጊዋ መካከል ምን ልዩነት ተደረገ? ሁለቱም ተፈለጉ፤ ሁለቱም ዱዓ ተደረገላቸው።

በየቤታችን ያሉት ስሞች

የእኛ መርሳት በሸኻችን ብቻ አላበቃም። የአማርኛው ቁርኣን ትርጉም በ1961 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ዐረብኛ የማናውቅ ስንቶች ነን የአላህን ቃል መልእክት በእርሱ የተረዳነው? በዚያ ዘመን ከመጽሐፍ ነበር የሚነበበው፤ ዛሬ ወጣቱ በእጅ ስልኩ ላይ ይከፍተዋል። በዚህ ሥራ የደከሙት ሸኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ናቸው። በክፍላችን ያሉ ተማሪዎችን «ይህን የተረጎሙት እነማን ናቸው?» ብለን ስንጠይቅ ብዙዎቹ ዝም አሉ። ልጆቹን አልወቀስናቸውም፤ እኛም በሸኻችን ቀብር ላይ እንዲሁ ዝም ብለናልና።

አላህ (ሱ.ወ.) ከማንም በፊት ያውቃቸዋል፤ የእኛን መዝገብ አይጠብቅም። ዱዓ ለማድረግም ስም ማወቅ ግዴታ አይደለም። ነገር ግን የማናውቀውን ሰው በዱዓችን ስንት ጊዜ እናስበዋለን? ስም ሲጠፋ ዱዓውም አብሮ ይሳሳል።

ከዛሬ ጀምሮ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ዕዳችንን እንጻፍ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ ጥሎ የሞተ ሰው ጀናዛ ሲቀርብላቸው አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕዳውን በራሳቸው ላይ እስኪወስዱ ድረስ ከመስገድ ታቅበዋል። ወሲያ የሽማግሌ ጉዳይ አይደለም፤ ወጣትም ይሞታል።

ሁለተኛ፣ ወላጆች ለልጆቻችሁ የአያቶቻቸውን፣ የሴት አያቶችን ጭምር፣ ስምና መልካም ሥራ ንገሯቸው። ልጅ የማያውቃትን ቅድመ አያት በዱዓው ሊያስታውስ አይችልም።

ሦስተኛ፣ በሐዘን ቤት ላይ ወጪ አናብዛ። በነጃሺ ፊት ስለ ስደተኞቹ የተናገሩት ጃዕፈር (ረ.ዐ.) በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በሙእታ ዘመቻ ሲሠዉ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲያዘጋጁ አዘዋል። ምግብ ከጎረቤት ወደ ሐዘንተኛው ይሄዳል እንጂ ሐዘንተኛው ተበድሮ ደጋሽ አይሆንም። ለድግስ የታሰበው ገንዘብ የሟችን ዕዳ ቢከፍል ወይም ለየቲም ልጅ ደብተር ቢገዛ ይሻላል።

አራተኛ፣ ያስተማሩንን በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው።

ይህን የመጨረሻውን የምንናገረው ቆጭቶን ነው። ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ገንዘብ አዋጥተን ወደ ባለሱቁ ሄድን። «ሐላል ብያለሁ፤ ደብተሩ የእኔም ልጅ ደርሶታል» ብሎ አልቀበልም አለን። ገንዘቡን ይዘን ወደ ባለቤታቸው ዘንድ ሄደን ምን እናድርግበት ብለን አማከርናቸው። ደብተሩ እንዳይቋረጥ አሉን። እስካሁን በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ይታደላል።

ያን ዕለት ስለ ሸኻችንም ጠየቅናቸው። ገና በልጅነታቸው ከወሎ ወጥተው፣ ከአንዱ ሸኽ ወደ ሌላው በእግራቸው እየተጓዙ መቅራታቸውን፣ ያስቀሯቸውንም ሸኾች ስም ነገሩን። እኛም ጻፍነው። ስንጨርስ እናታችን ጥቂት ዝም አሉና «ልጆቼ፣ እሱ ይህን የሚጠይቀው ሰው ቢያገኝ እንዴት ደስ ይለው ነበር» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ውድ አንባብያን፣ ያስተማራችሁ ሰው በሕይወት ካለ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና ሂዱ፤ ጠይቁት። ካለፈም ስሙን ጠርታችሁ ዱዓ አድርጉለት። አላህ ያለፉትን ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን ይማርልን፤ እኛንም ዕዳ ከማያስቀሩ፣ ውለታም ከማይረሱ ባሮቹ ያድርገን። አሚን።