ፕቴሮሳውር

ፕቴሮሳውር ከ228 ሚሊዮን እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረ፣ ዛሬ በቅሪተ አካሉ ብቻ የሚታወቅ በራሪ ገበሎ አስተኔ ነው። ክንፉን እያርገበገበ የበረረ የመጀመሪያው ባለ አከርካሪ እንስሳ ሲሆን ወፎችንም ሆነ የሌሊት ወፍን ይቀድማል። ብዙ ጊዜ «በራሪ ዳይኖሰር» ይባላል፤ ይህ ግን ስህተት ነው። ለዳይኖሰሮች የቅርብ ዘመድ ቢሆንም ወገኑ ሌላ ነው። የዛሬዎቹ ወፎች የመጡትም ከዳይኖሰር እንጂ ከፕቴሮሳውር አይደለም።

ክንፉን የሚወጥረው አንድ ጣት ነበር። በሰው እጅ የቀለበት ጣት የምንለው አራተኛው ጣት እጅግ ረዝሞ፣ ከጫፉ እስከ ኋላ እግሩ ድረስ ስስ ቆዳ ተዘርግቶበት ነበር። የቀሩት ሦስት ጣቶች አጫጭርና ባለ ጥፍር ናቸው። ሰውነቱን ፀጉር መሰል ነገር ይሸፍነው ነበር። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ክንፋቸው ተዘርግቶ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ኬትዛልኮአትለስ የተባለው ግን 10 ሜትር ያህል ይደርስ ነበር፤ አጥንቱን እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ ቴክሳስ ያገኘው ዳግላስ ላውሰን በወቅቱ ገና ተማሪ ነበር።

አጥንቱ ለበረራ እንዲቀል ውስጡ ባዶ ነው፤ የብዙዎቹ የአጥንት ግድግዳ ከአንድ ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ በቀላሉ ይደቅቃል። ሙሉ አፅሞች በብዛት የተገኙት እንደ ጀርመኑ ዞልንሆፈን ባሉ፣ ረጋ ባለ ውኃ ሥር በተከማቹ የላሙ የኖራ ድንጋዮች ውስጥ ነው። ኮሲሞ ኮሊኒ እ.ኤ.አ. በ1784 የመጀመሪያውን አፅም ሲገልጽ የባሕር እንስሳ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ነበር። በራሪ ገበሎ አስተኔ መሆኑን የተረዳው ፈረንሳዊው ዦርዥ ኩቪዬ ነው።

የፕቴሮሳውር ዘመን ዓለቶች በጎጃም

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ማሳው ላይ የሚታየው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው። ያኔ ፕቴሮሳውር ከጠፋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ በደጋው ላይ ማረሻ የሚያወጣው አጥንት የፕቴሮሳውር ሊሆን አይችልም።

ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ሲወረድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር አሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የጭቃ ድንጋይ፣ ከዚያም በጁራሲክ ዘመን አካባቢውን ሸፍኖ የነበረው ባሕር የተወው የኖራ ድንጋይና ጄሶ ይመጣሉ። መንገደኛው በአንድ ቁልቁለት ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደኋላ ይሄዳል ማለት ነው።

ለቅሪተ አካል ፈላጊዎች ዋናው በሙገር ወንዝ ስም የሚጠራው የጭቃ ድንጋይ ሲሆን፣ በጁራሲክ ማብቂያ በወንዞች ደለል የተሠራ ነው። በሸዋ በኩል ባሉ የአባይ ገባሮች ሸለቆ ከዚሁ ድንጋይ የዳይኖሰር ጥርሶች፣ የዓሣ፣ የኤሊና የአዞ ቅሪቶች፣ እንዲሁም የአንድ ጥንታዊ አጥቢ እንስሳ ጥርስ ተገኝተዋል። ጥርስ የሚበዛው ጠንካራ ስለሆነ ነው፤ ወንዝ እያንከባለለ ቢወስደውም ይተርፋል።

በተቀራራቢ ዘመን ከተሠሩት የታንዛኒያው ቴንዳጉሩ ዓለቶች፣ እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1913 በቆፈሩ ጀርመኖች አማካይነት ከግዙፍ ዳይኖሰሮች ጋር የፕቴሮሳውር ቅሪቶችም ወጥተዋል። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1999 ቴንዳጉሪፕቴረስ ተብሎ ተሰየመ። ለስያሜው መሠረት የሆነውም ጥርሶች ያሉበት የታችኛው መንጋጋ ቁራጭ ነው።